የልደትና የሞት ወረቀት ስንት ያወጣል? መንግሥት ራሱ የያዘውን ማስረጃ ደጋግመን የምንገዛበት ሥርዓት

አሜሪካ ውስጥ ሰው ሲሞትብን ለቅሶው ሳይበርድ የሚመጣ ጥያቄ አለ። የቀብር አስፈጻሚው ድርጅት ሠራተኛ ቅጹን ይዞ ይቀመጥና "የሞት ሰርተፊኬቱን ስንት ኮፒ ላዝዝላችሁ?" ይላል። ቤተሰቡ እርስ በርስ ይተያያል። አንዱ ሦስት ይበቃል ይላል። ሌላው "ኧረ አሥር ይሁን፣ በኋላ እንዳንቸገር" ይላል። በዚያ ሰዓት ሂሳብ የሚያሰላ ጭንቅላት ያለው ሰው የለም።

ጥያቄው ግን የምር ነው። የሕይወት ኢንሹራንሱ ማህተም ያለበትን ይፈልጋል። ባንኩም ይፈልጋል። የጡረታ ቁጠባውን የያዘው ድርጅት፣ የቤቱን ስም የሚያዛውረው ቢሮ፣ የመኪናውን ባለቤትነት የሚቀይረው ዲኤምቪ፣ ሁሉም "የሞት ሰርተፊኬት አምጡ" ነው የሚሉት። አስከሬኑ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ከሆነ መጀመሪያ ከሚጠየቁት ወረቀቶች አንዱ እሱ ነው። ሟቹ አገር ቤት ቤት ወይም ንብረት ካለው ደግሞ ለወራሽነቱ ሌላ ኮፒ መያዝ ያስፈልጋል። ፎቶ ኮፒ አንስቶ መስጠት አይቻልም። ወረቀቱ ራሱ ልዩ ነው፤ ጠርዙ በቀጫጭን መስመሮች የተጠለፈ፣ ብርሃን ላይ ሲያዙት ምልክት የሚታይበት፣ በብዙ ቦታ በእጅ ሲዳሰስ የሚታወቅ ማህተም ያለበት ነው። እያንዳንዱ ቅጠል ደግሞ ዋጋ አለው።

አሥር ኮፒ ታዘዘ እንበል። ፍሎሪዳ ላይ የስቴቱ ቢሮ ለመጀመሪያው 5 ዶላር፣ ለቀሪዎቹ ለእያንዳንዳቸው 4 ዶላር ይወስዳል። ድምሩ 41 ዶላር ነው። ቴክሳስ የመጀመሪያው 20፣ ተጨማሪው 3 ዶላር ነው፤ 47 ይመጣል። ሚኒሶታ 13 እና 6 ነው፤ 67። ጆርጂያ 25 እና 5 ነው፤ 70። ቨርጂኒያ ለብዙ ኮፒ ቅናሽ የለውም፤ እያንዳንዱ 12 ስለሆነ 120 ዶላር ይሆናል። ኒው ዮርክ ከተማ እያንዳንዱ 15 ነው፤ 150። ዋሽንግተን ዲሲ እያንዳንዱ 18 ነው፤ 180 ዶላር። (ታሪፍ ይለወጣል፤ ከማዘዛችሁ በፊት የቢሮውን የዕለቱን ዋጋ እዩ።)

አንድ ሞት፣ አንድ ዓይነት ወረቀት፣ ከ41 እስከ 180 ዶላር። ልብ በሉ፣ ሞት የሚመዘገበው ሰውየው በኖረበት ሳይሆን ባረፈበት ቦታ ነው። ከዲሲ በወንዝ በምትለየው የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ሲኖር የነበረ ወገናችን ዲሲ ሆስፒታል ውስጥ ካረፈ ቤተሰቡ የሚከፍለው የዲሲን ዋጋ ነው። ወንዙን ሳይሻገር ቢያርፍ ኖሮ 60 ዶላር ይቀር ነበር። በዚህ ውስጥ ቤተሰቡ የመረጠው ነገር የለም።

የልደት ሰርተፊኬትም እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያው ኮፒ በፍሎሪዳ 9፣ በቨርጂኒያ 12፣ በኒው ዮርክ ከተማ 15፣ በቴክሳስ 22፣ በዲሲ 23፣ በዋሽንግተን ስቴት 25፣ በሚኒሶታ 26 ዶላር ነው። ከከተማው ወጣ ስትሉ የኒው ዮርክ ስቴት ጤና መሥሪያ ቤት 30 ያስከፍላል። ሚሺጋን 34 ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለአንዳንዱ ሰው የአንድ ምሳ ዋጋ ናቸው። ለዚህም ነው ብዙ ሰው ስለነሱ የማያወራው። እኔ ግን ሊወራባቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ይህን ወረቀት የሚያወጣው መንግሥት ነው፣ መዝገቡን የያዘው መንግሥት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ "አምጣ" የሚለውም መንግሥት ነው። በመሃል የሚመላለሰውና የሚከፍለው ዜጋው ነው።

ለምን እንዲህ ተበታተነ?

አሜሪካ አንድ ብሔራዊ የልደትና የሞት መዝገብ የላትም። የሚመዘግቡት 50ዎቹ ስቴቶች፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ለብቻው የቆመው የኒው ዮርክ ከተማና እንደ ፖርቶ ሪኮ ያሉት አምስቱ ግዛቶች ናቸው። በድምሩ 57 መዝጋቢዎች ማለት ነው። የእያንዳንዱ ሕግ የየራሱ ነው፤ ታሪፉም እንደዚያው።

የፌዴራሉ መንግሥት ድሮም ቢሆን የፈለገው ቁጥሩን ነው። በ1880 (እዚህ ጽሑፍ ላይ የማነሳቸው የአሜሪካ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሞትን በደንብ የሚመዘግቡ ስቴቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ መቁጠር ጀመረ። ለልደት እንዲህ ያለው ስብስብ የተጀመረው በ1915 ነው። ሁሉም ስቴቶች የገቡት ቴክሳስ በ1933 ስትገባ ነው። ዛሬም የፌዴራሉ የጤና ስታቲስቲክስ ማዕከል መረጃውን ከ57ቱ በክፍያ ይወስዳል። የወረቀቱ ጉዳይ፣ ማን ኮፒ ያወጣል፣ በስንት ያወጣል የሚለው ግን ለስቴቶቹ ተተወ።

ውጤቱ ምን እንደሆነ የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር በ2000 ባወጣው ሪፖርት ላይ ይታያል። በዚያን ጊዜ ከ6,400 በላይ ቢሮዎች የልደት ሰርተፊኬት ያወጡ ነበር። በሰዎች እጅ የነበረው የሰርተፊኬት ዓይነት ከ14,000 በላይ ነበር። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ ኮንግረስ በ2004 ባወጣው ሕግ ለልደት ሰርተፊኬት አነስተኛ የጋራ መስፈርት እንዲዘጋጅ አዘዘ። ሪል አይዲ የሚባለው የመንጃ ፈቃድና የመታወቂያ የጋራ መስፈርት በ2005 ሕግ ሆኖ፣ ሃያ ዓመት ተንከባሎ፣ ግንቦት 7 ቀን 2025 የአየር ማረፊያ በር ላይ ተግባራዊ ሆነ። የልደት ሰርተፊኬቱ የጋራ መስፈርት ግን እስካሁን የመጨረሻ ደንብ ሆኖ አልወጣም። ስለዚህ አገሪቱ መታወቂያውን አጠበቀች፤ መታወቂያው የሚያርፍበትን ወረቀት ግን ለየስቴቱና ለየካውንቲው እንደተወች ናት።

ሃያ ስድስቱ ዶላር የት ይሄዳል?

ሚኒሶታን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርባቸው ናቸው። ሁለተኛ፣ የስቴቱ ሕግ ክፍያውን ሳንቲም ሳይደብቅ ዘርዝሮ ስለሚያስቀምጥ ነው።

የልደት ሰርተፊኬት 26 ዶላር ነው ብያለሁ። ከዚህ ውስጥ ዋናው የሰርተፊኬቱ ክፍያ 9 ዶላር ብቻ ነው። 4 ዶላሩ የምዝገባውን ሥርዓት ለማዘመንና ለማቆየት የሚጨመር ነው። 3 ዶላሩ በልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለመከላከል ለተቋቋመው የሕፃናት ፈንድ ይሄዳል። 10 ዶላሩ ደግሞ ከልደት ጋር የሚመጡ የጤና ችግሮችን ለሚከታተል የመረጃ ሥርዓት ነው። የሞት ሰርተፊኬቱ የሕፃናቱ ጭማሪዎች ስለማይመለከቱት በ9 እና በ4 ብቻ 13 ላይ ይቆማል።

የሕፃናት ጥበቃ መልካም ነገር ነው። ሲወለድ የጤና ችግር የገጠመውን ልጅ መከታተልም እንዲሁ። ማንም አይጠላቸውም። ጥያቄዬ እነዚህን ሥራዎች የሚደጉመው ማን መሆን አለበት የሚለው ነው። እንደኔ ግልጽ ነው፤ የሕዝብ ሥራ ከሆነ ከሕዝብ በጀት ይከፈል። እዚህ ግን የሚከፍለው ዘንድሮ የልደት ወረቀት የፈለገው ሰው ነው። ልጇን ትምህርት ቤት የምታስመዘግብ እናት፣ ቦርሳው የተሰረቀበት ወጣት፣ መታወቂያው የጠፋበትና መጠለያ ውስጥ የሚያድር ሰው። ሀብታሙ ሰርተፊኬቱ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ስለሚቀመጥ በሕይወቱ አንዴ ወይም ሁለቴ ይገዛ ይሆናል። ከቤት ቤት የሚንከራተተው ሰው ነው ደጋግሞ የሚገዛው። ስለዚህ ጭማሪው በብዛት የሚያርፈው አቅም በሌለው ላይ ነው።

ይሄ የሚኒሶታ ብቻ ልማድ አይደለም። ኮሎምበስ ያላችሁ፣ የኦሃዮም ክፍያ ውስጥ 3 ዶላር ለሕፃናት ፈንድ፣ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ደግሞ የቤት ውስጥ ጥቃትን ለመከላከል የሚሄድ ገንዘብ አለ። ሌሎች ስቴቶችም የየራሳቸው አላቸው። ምክር ቤቶች ታክስ ከመጨመር ይልቅ ክፍያ መጨመር ይቀላቸዋል። ታክስ ሲባል ሁሉም ይጮኻል። ክፍያ ሲሆን የሚያየው ወረቀቱን የፈለገው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቸኩሏል፣ ከፍሎ ይሄዳል።

ከመንግሥት ዋጋ በላይ የሚደረበውም አለ። በኢንተርኔት የሚያዝ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እንደ ቫይታልቼክ ባለ የግል ድርጅት በኩል ነው። ድርጅቱ ከብዙ ስቴቶች ጋር የሚሠራ ሕጋዊ አቅራቢ ነው፤ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ግን ይጨምራል። ቶሎ ይምጣልኝ ካላችሁ የመላኪያው ዋጋ አለ። በፖስታ የሚያመለክት ሰው በአንዳንድ ስቴቶች ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ፊት መፈረም አለበት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኖተሪ ለአንድ ፊርማ እስከ 15 ዶላር መጠየቅ ይችላል። በዚያ ላይ፣ በአብዛኛው ስቴት ክፍያው የፍለጋ ክፍያ ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። መዝገቡ ካልተገኘ "አልተገኘም" የሚል ደብዳቤ ይደርሳችኋል። ገንዘቡ አይመለስም።

መታወቂያ ለማውጣት ልደት፣ ልደት ለማውጣት መታወቂያ

የልደት ሰርተፊኬት ለማን ይሰጣል የሚለው በብዙ ስቴት በሕግ የተገደበ ነው። ለባለቤቱ፣ ለወላጅ፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለሕጋዊ ወኪል። ማንነትን ለሚሰርቁ ሌቦች በሩን ለመዝጋት ነው፤ ትክክልም ነው። ግን አመልካቹ ራሱ ማን እንደሆነ ለማሳየት መታወቂያ ይጠየቃል። መታወቂያው የሌለው ደግሞ የልደት ሰርተፊኬት የፈለገው መታወቂያ ለማውጣት ነው። ከእስር የወጡ ሰዎችና ቤት አልባ የሆኑ ሰዎች እዚህ ላይ ወራት ይቃጠልባቸዋል። መታወቂያ ከሌለ ሥራ የለም፣ ቤት መከራየት የለም፣ ባንክ መክፈት የለም።

ነገሩ ወደ ምርጫ ሲደርስ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 ቨርጂኒያ ለመምረጥ ታስከፍለው የነበረውን የ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ታክስ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሽሮታል። ከዚያ በ2008 የኢንዲያና የፎቶ መታወቂያ ሕግ ቀረበለት። ስቴቱ መታወቂያውን በነጻ እሰጣለሁ ብሎ ነበር። ነጻውን መታወቂያ ለማግኘት ግን የልደት ሰርተፊኬት ያስፈልጋል፤ በኢንዲያና ካውንቲዎች ደግሞ ከ3 እስከ 12 ዶላር ይሸጥ እንደነበር ፍርዱ ራሱ በግርጌ ማስታወሻው ጠቅሷል። ፍርድ ቤቱ ሕጉን 6 ለ 3 አጸናው። አንድ ዶላር ተኩሉ በቀጥታ ለድምፅ ስለተከፈለ ተሻረ። አሥራ ሁለቱ ዶላር በወረቀት በኩል ዞሮ ስለመጣ አለፈ። ዳኞቹ የቀረበው ማስረጃ ሸክሙን በበቂ አያሳይም ነው ያሉት። እኔ ግን ገንዘቡ የሌለው ሰው የዚህ ልዩነት ተጠቃሚ የሚሆንበት መንገድ አይታየኝም።

የቴክሳሱ ክርክር ይህን በሰው ፊት አሳይቷል። ቴክሳስ በ2011 ያወጣችው የመራጮች መታወቂያ ሕግ በ2014 ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ሚሲሲፒ የተወለደች አንዲት ዝቅተኛ ገቢ ያላት ሴት ምስክርነት ሰጠች። የልደት ሰርተፊኬቷን ለማስመጣት 42 ዶላር ተጠይቃለች። ገንዘቡን ለቤተሰቡ ቀለብ አዋለችው፤ የልደት ሰርተፊኬት አይበላም ነበር ያለችው። ቴክሳስ በ2015 ለመራጭነት መታወቂያ ለሚፈልጉ የልደት ኮፒውን ክፍያ በሕግ አስቀረች። ያም ቢሆን ቴክሳስ ማንሳት የምትችለው የራሷን ክፍያ ብቻ ነው። ሚሲሲፒ የተወለደው ሰው አሁንም ለሚሲሲፒ ይከፍላል።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። በ2025 ኤፕሪል የተወካዮች ምክር ቤት ለመራጭነት ሲመዘገቡ የዜግነት ሰነድ ማቅረብን ግዴታ የሚያደርግ ረቂቅ አሳልፏል። ብሬናን ሴንተር የተባለው የሕግና የምርጫ ጥናት ተቋምና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት ባወጡት ጥናት 21.3 ሚሊዮን የሚሆኑ ለመምረጥ የደረሱ ዜጎች የዜግነት ሰነዳቸው በቅርብ እጃቸው ላይ የለም።

ወደኛ ሲመጣ

ከኢትዮጵያ የመጣ ዜግነት የወሰደ ሰው የልደት መዝገቡ አሜሪካ ውስጥ የለም። የሱ ማስረጃ የዜግነት ሰርተፊኬቱ ነው። እሱ ከጠፋ ምትኩን ለማውጣት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2024 ታሪፍ መሠረት በወረቀት 555፣ በኦንላይን 505 ዶላር ይጠይቃል። የቨርጂኒያ ተወላጅ በ12 ዶላር የሚተካውን ነገር ጎረቤቱ የጎንደር ተወላጅ በአምስት መቶ ይተካዋል። ሁለቱም እኩል ዜጋ ናቸው። ሁለቱም መዝገባቸው መንግሥት እጅ ነው። ስለዚህ ዜግነት እንደወሰዳችሁ ፓስፖርት አውጡ፤ ለአብዛኛው ጉዳይ ፓስፖርቱ ይበቃል፣ ሰርተፊኬቱም ከመዞርና ከመጥፋት ይድናል።

በማደጎ የመጡት ልጆቻችን ሌላ ታሪክ አላቸው። ኢትዮጵያ የውጭ ማደጎን በ2018 ጥር (ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከማቆሟ በፊት ብዙ ሺህ ሕፃናት አሜሪካ ገብተዋል። ዛሬ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ብዙ ስቴቶች ውጭ አገር ለተወለደ የማደጎ ልጅ የውጭ ልደት ሰርተፊኬት የሚባል የስቴት ሰነድ ያወጣሉ። አሳዳጊ ወላጆች ይህን ካላስወጡ ልጁ አድጎ ኮሌጅ ሲገባ ወይም መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ነው ክፍተቱ የሚታየው።

ወረቀቱ ወደ አገር ቤት ሲሄድ ደግሞ ዋጋው ይባዛል። ኢትዮጵያ የአፖስቲል ስምምነት (አባል አገሮች ሰነድን በአንድ ማረጋገጫ የሚቀባበሉበት ውል) አባል ስላልሆነች ሰነዱ በአንድ ማህተም አያልፍም። መጀመሪያ ማህተም ያለበት ኮፒ ከጤና ቢሮው ይወጣል። ቀጥሎ የስቴቱ ሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት ፊርማውን ያረጋግጣል። ከዚያ ወደ ዋሽንግተን ይሄድና የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በ20 ዶላር ያረጋግጠዋል። ከዚያ የኢትዮጵያ ኤምባሲ አለ። አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ትርጉም፣ እንደ ጉዳዩም ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ይከተላል። እያንዳንዱ በር ላይ ክፍያ አለ። የኒው ዮርክ ከተማ ሰው ደግሞ ተራውን ኮፒ ይዞ ሄዶ መመለስ ሊገጥመው ይችላል፤ ለውጭ አገር የሚሄድ ከሆነ ከጤና መሥሪያ ቤቱ ተጨማሪ የማረጋገጫ ደብዳቤ አብሮ መጠየቅ አለበት። የውርስ ጉዳይ ያለበት ቤተሰብ ይህን ሰንሰለት ቀድሞ ካወቀ ለአገር ቤት የሚሄደውን ኮፒ ከመጀመሪያው ለይቶ ያስቀምጣል።

ስለ አገር ቤት ካነሳን አይቀር፣ የኢትዮጵያ ችግር ከዚህ የተለየ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም ነው። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ነው። አዋጁ ልደት በ90 ቀን፣ ሞትና ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ ያዛል። ምዝገባው ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። እዚያ ዋናው ጉዳይ መጀመሪያ መዝገቡ ውስጥ መግባት ነው። አሜሪካ ሁሉም ተመዝግቧል ማለት ይቻላል፤ ችግሩ መዝገቡን ማውጣት ነው። ዩኒሴፍ በ2024 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች 150 ሚሊዮን ሕፃናት ያልተመዘገቡ ናቸው፤ ተመዝግበው ሰርተፊኬት በእጃቸው የሌላቸው ደግሞ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ምዝገባው ነጻ ሆኖ ወረቀቱ ሲሸጥ የሚፈጠረው ክፍተት በዚህ ሁለተኛ ቁጥር ውስጥ አለ።

ወረቀቱ የግድ ነው?

"ማስረጃው መንግሥት ጋ ካለ ለምን ራሱ አያየውም?" የሚለው ጥያቄ የዋህነት ይመስላል። አይደለም፤ አንዴ ተሞክሮ ሠርቷል።

ኮንግረስ ከሐምሌ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ለሜዲኬይድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ለሚሰጠው የመንግሥት የጤና ዋስትና፣ የሚያመለክቱና የሚያድሱ ዜጎች ዜግነታቸውን በሰነድ እንዲያሳዩ አዘዘ። ድሆች የልደት ሰርተፊኬት ፍለጋ ወጡ። የኮንግረስ የቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2007 ስቴቶችን ሲጠይቅ ከመለሱለት 44ቱ 22ቱ በሕጉ ምክንያት ተጠቃሚ ቀንሶብናል አሉ። አብዛኞቹም የቀሩት ብቁ የሆኑ ዜጎች ናቸው፤ ወረቀት ስለዘገየባቸው ወይም ስላላገኙ ነው የተዘለሉት ሲሉ መለሱ። ኮንግረስ በ2009 አስተካከለው። ከ2010 ጀምሮ ስቴቶች የአመልካቹን ስምና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ልከው በኮምፒውተር ማመሳከር ቻሉ። ከተገጣጠመ ወረቀት አይጠየቅም። የዜግነት መስፈርቱ አልተነሳም። የተነሳው የሰውየው መመላለስ ነው።

ለልደትና ለሞት መዝገብም መንገዱ ተሠርቷል። የስቴቶቹ የመዝገብ ኃላፊዎች ማኅበር የሚያንቀሳቅሰው ኢቪቪኢ የሚባል ሥርዓት አለ። ሥልጣን ያለው መሥሪያ ቤት የአንድን ሰው የልደት ወይም የሞት መዝገብ በየትኛውም ተሳታፊ ስቴት በሴኮንዶች ማጣራት ይችላል። ዲኤምቪ ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት በዚህ ሲያጣራ ለማጣሪያው የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ነው። እንደኔ እውነተኛው መሰናክል እዚህ ነው። ዜጋው ኮፒ ሲያመጣ ወጪው የዜጋው ነው፣ ለመዝገብ ቢሮውም ገቢ ነው። መሥሪያ ቤቶቹ ራሳቸው ሲያጣሩ ወጪው ወደነሱ ይዞራል፣ የኮፒ ሽያጩም ይቀንሳል። ለመለወጥ የሚያቻኩል ምክንያት ያለው ቢሮ በመሃሉ የለም።

የመዝገብ ቢሮዎቹን ሥራ አላቃልልም። የድሮ መዝገቦችን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት፣ የማንነት ሌባን መከላከል፣ ልዩ ወረቀቱን ማሳተም፣ ሠራተኛ መቅጠር ገንዘብ ይጠይቃል። ብዙዎቹም በዚሁ ክፍያ የሚተዳደሩ ናቸው። ክፍያው በአንድ ቀን ይነሳ ማለት ቢሮውን መዝጋት ነው። መደረግ ያለበትና ሊደረግ የሚችል ግን አለ፤ አንዳንዱም ተጀምሯል።

ካሊፎርኒያ በ2014 ባወጣችው ሕግ ቤት አልባ የሆነ ሰው የልደት ሰርተፊኬቱን ከ2015 ሐምሌ ጀምሮ በነጻ ያገኛል። ብዙ ስቴቶች የጦር ሠራዊት አባላት የነበሩ ሰዎች ለጥቅማ ጥቅም ሲፈልጉት አያስከፍሉም። ኒው ዮርክ ከተማ ልጅ ሲወለድ የመጀመሪያውን ሰርተፊኬት ለወላጆች በፖስታ በነጻ ትልካለች። ይህ በሁሉም ስቴት ቢሆን እያንዳንዱ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ሕይወትን ይጀምራል። ቴክሳስና ሚኒሶታ ተጨማሪ የሞት ኮፒን በ3 እና በ6 ዶላር ማውጣት ከቻሉ ዲሲ ለአሥረኛው ኮፒ ሙሉ 18 ዶላር የምትወስድበት ምክንያት ሊጠየቅ ይገባል።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ። የሞት ኮፒ ከማዘዛችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ድርጅት ደውላችሁ "ኦሪጅናል ነው የምትፈልጉት ወይስ ስካን ይበቃል? ኦሪጅናሉን አይታችሁ ትመልሳላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ ይመልሳሉ። ለሶሻል ሴኩሪቲ ሞቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳውቀው የቀብር አስፈጻሚው ነው። ተጨማሪ ኮፒ በሚረክስበት ስቴት አንድ ላይ እዘዙ፤ ተመልሶ ማዘዝ የመጀመሪያውን ዋጋ እንደገና ያስከፍላል። ተጨማሪው በማይረክስበት ደግሞ በጥቂቱ ጀምሩ። ካልተቸኮለ በቀጥታ ወደ ስቴቱ ወይም ወደ ካውንቲው ቢሮ ሂዱ። ልጅ ሲወለድ ሆስፒታል የሚሞላውን ቅጽ ከመፈረማችሁ በፊት የስሙን ፊደል አንድ በአንድ አንብቡት፤ የኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በብዙ መንገድ ስለሚጻፍ የአባትየው ፓስፖርትና የልጁ ሰርተፊኬት ሳይገጥሙ ይቀራሉ። ለማረም ተጨማሪ ክፍያ፣ የታረመውን ለማውጣት ደግሞ ሌላ የኮፒ ክፍያ ይመጣል።

እድሮቻችንና የማኅበረሰብ ማዕከሎቻችን ግን ከዚህ አልፈው መሄድ ይችላሉ። እነዚህ ክፍያዎች የተጻፉት በስቴት ሕግ ውስጥ ነው፤ የሚያወጡትም እኛ ድምፅ የምንሰጣቸው የስቴት ተወካዮች ናቸው። የሚኒሶታው የ10 ዶላር ጭማሪ ምክር ቤት ገብቶ፣ ድምፅ ተሰጥቶበት የተጨመረ ነው። በዚያው መንገድ ወደ አጠቃላይ በጀቱ ሊዛወር ይችላል። ሴንት ፖል ያለው ምክር ቤት በየዓመቱ የካቲት ወይም ጥር ላይ ሲከፈት ኮሚቴዎቹ የሕዝብ አስተያየት ይቀበላሉ። አንድ የእድር ሊቀመንበር ቀርቦ "ባለፈው ዓመት ለቀበርናቸው ሰዎች ቤተሰቦቻቸው ለወረቀት ብቻ ይህን ያህል ከፍለዋል" ብሎ ደረሰኞቹን ማስመዝገብ ይችላል። ደረሰኞቹ እድሩ ጋ አሉ።